ስለ አርተር ራውሊ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዛዊው የእግር ኳስ አጥቂ አርተር ራውሊ ከመመለሴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ግቦች የእንግሊዝ ሊግ ግቦች ብቻ ናቸው፤ የዋንጫና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨዋታዎች አይደመሩባቸውም። ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጠቅላላ ስንት ግብ አስቆጠረ?

መልስ፦ በ619 ጨዋታዎች 434 ግቦች፤ ለዌስት ብሮምዊች 4፣ ለፉልሃም 27፣ ለሌስተር 251፣ ለሽሩስበሪ 152። በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ እስካሁን የበለጠው የለም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ አጥቂ በ1958 ወደ ሽሩስበሪ፣ ማለትም ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን (የሊጉ ታችኛ እርከን) መውረዱ ውርደት አልነበረም?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው የዛሬውን ደመወዝ እያሰበ ነው። በዚያን ጊዜ የተጫዋች ደመወዝ በደንብ የተገደበ ሲሆን፣ በ1958 ጣሪያው በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር፤ ይህም ጣሪያ ለአንደኛ ዲቪዚዮን ኮከብም ሆነ ለአራተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች አንድ ነበር። በዚያ ላይ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር፤ ይህን አሠራር ፍርድ ቤት የነቀፈው በ1963 በተጫዋቹ በጆርጅ ኢስታም ጉዳይ ነው። ስለዚህ 32 ዓመት ለሞላው ራውሊ በሽሩስበሪ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ መቀጠር መውደቅ ሳይሆን ሥራ ማግኘት ነበር። የሰሜንና የደቡብ ሦስተኛ ዲቪዚዮኖች ፈርሰው አራተኛው በተቋቋመበት በዚያው የመጀመሪያ ዓመት 38 ግብ አስቆጥሮ ክለቡን ወደ ሦስተኛ አሳደገው። ጣሪያው በ1961 ሲነሣ ተጫዋቹ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፈለው፤ ከፋዩም የራውሊ የቀድሞ ክለብ ፉልሃም ነበር። ራውሊ ግን ያን ጊዜ 34 ዓመቱ ነበር።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በደካማ ተከላካይ ላይ የተገኘ ግብ ምን ክብር አለው? እንግሊዛዊው አጥቂ ጂሚ ግሪቭስ 357 የሊግ ግቦቹን ሁሉ በአንደኛ ዲቪዚዮን ነው ያስቆጠረው።

ሌላ አባል፦ ራውሊ በ1956–57 ሌስተርን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲያሳድግ 44 ግብ ማስቆጠሩን ረስተዋል መሰለኝ።

የመጀመሪያው አባል፦ አልረሳሁም፤ ሁለተኛ ዲቪዚዮን መሆኑን እርስዎም አመኑ።

መልስ፦ ክርክሩ ሚዛኑን ስቷል። ራውሊ በ1961 ያለፈው የቀድሞውን የሊጉን ክብረ ወሰን፣ የአጥቂውን የዲክሲ ዲንን 379 ግብ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ 27ቱ ለትራንሚር በሰሜን ሦስተኛ ዲቪዚዮን የተቆጠሩ ናቸው። ከዲን ላይ 27ቱን የቀነሰ ሰው አላየሁም። ለዲን ያልተቀነሰ ለራውሊ ለምን ይቀነሳል?

ጥያቄ፦ የጦርነቱ ጊዜ ሲጨመር ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ አሳስቤ ነበር። አይጨመርም።

ጥያቄ፦ በ1950 ሽሩስበሪ ገባ የሚል አንብቤ ነበር፤ እርስዎ 1958 ይላሉ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም። የውጭው 1958 ክረምት በእኛ 1950 ነው። በውጭው 1950 የገባው ሌስተር ነው። ስለ አቆጣጠሩ መጀመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነበር።

ጥያቄ፦ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል?

መልስ፦ ለዋናው አልተጫወተም። የተጫወተው ወንድሙ ጃክ ነው፤ በ1948 የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሁለት ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። እባካችሁ ሁለቱን አታምታቱ።

ጥያቄ፦ ስለ አጨዋወቱ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? ግራ እግሩ ከባድ ነበር፤ «መድፈኛው» ይሉት ነበር።

ጥያቄ፦ ከሃሪ ኬን ይበልጣል?

መልስ፦ ይህን አልመልስም።

ጥያቄ፦ መቼ ጫማ ሰቀለ?

መልስ፦ በ1965። አሠልጣኝነቱን ግን በሽሩስበሪ እስከ 1968 ቀጥሏል።