የለቀቁትን ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ሥራ ስትፈልጉ ስለ አንድ ድርጅት አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ስንት እንደሚከፍል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ እንዲህ በከበደበት ከተማ ደመወዝን ችላ በሉ ብዬ አልመክራችሁም። ይሁን እንጂ ሃያ ስምንት ዓመት በግል ድርጅቶች ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞችን ደመወዝ፣ ስሠራ ኖሬ፣ ጥሩውን መሥሪያ ቤት ከመጥፎው የምለየው ሥራ የሚለቅ ሰው በሚሸኝበት መንገድ ሆኗል።

በአንድ ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት በንብረት ክፍል ያገለገለ ሰው የክሊራንስ ወረቀቱን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ክፍል ዕዳ እንደሌለበት የሚፈረምለትን ወረቀት፣ ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት የቆመበትን ቀን አልረሳውም። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። የሁሉም ክፍል ፊርማና ማኅተም አለበት፤ የጎደለው የቅርብ አለቃው ፊርማ ብቻ ነው። ያስረከበው ንብረት አንድም አልጎደለም፤ ጥፋቱ ሌላ ሥራ ማግኘቱ ነበር፤ ለዚህም አለቃው «ነገ ና» እያለ አምስት ሳምንት አመላለሰው። የመጨረሻ ክፍያውን አስልቼ ጨርሻለሁ፣ ነገር ግን ያለዚያች ፊርማ መክፈል አልቻልኩም፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብቼ አለመናገሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

በዚያ ቤት የከፋው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀሩት ሠራተኞች ሁሉን ነገር ቆመው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ላይ ጉድለት ሲገኝ ደፍሮ የሚናገር ጠፋ፤ ሥራ የሚፈልግም በድብቅ ፈልጎ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ጀመረ። አለቆች ይህን የሠራተኛው ታማኝነት ማጣት አድርገው ያወሩት ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝና ሌላው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። የአገልግሎት የምስክር ወረቀትም መብታችሁ ነው፤ አለቃ ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ጡረታንም አትርሱ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ መቆረጡን ወር በወር የክፍያ ወረቀታችሁ ላይ ታዩታላችሁ፣ ገንዘቡ ወደ ጡረታ ፈንዱ መግባቱን ግን ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ አታውቁትም። ወጣት ሳላችሁ ሩቅ ይመስላችኋል፤ እባካችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከዚያ ድርጅት ከለቀቀ አንድ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ፈልጉና ቡና ጋብዙት። የመጨረሻ ደመወዙን በስንት ቀን እንደተቀበለ፣ የሥራ ልምዱን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ አለቃውን መንገድ ላይ ቢያገኘው ቆሞ ሰላም ይለው እንደሆነ ጠይቁት። ቅሬታ ያለው ሰው ሊያጋንን ይችላልና ሁለተኛም ሦስተኛም ሰው ብትጨምሩ መልካም ነው።

በጡረታ የተሰናበትኩበት ድርጅት ሥራ አስኪያጇ የሚለቅን ሠራተኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ራሳቸው አንብበው ነበር የሚፈርሙት። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ስትለቅ ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ ከዓመታት በፊት የነበረችበት መሆኑን ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን መልሰው እንደገና አስጻፉት፤ ልጅቷም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠብቃ ይዛው ሄደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያው ድርጅት የክፍል ኃላፊ ሆና ተመለሰች።