ስጽፍ ይብስብኛል፤ ልተወው ይሆን?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ተሰደድኩ፤ በታኅሣሥ ስመለስ ሱቄ ተዘርፎ ባዶውን ጠበቀኝ። ታላቅ ወንድሜም በዚያው ሰሞን ስለሞተ ለቅሶውን በወጉ አልተቀመጥንም። ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ የደረሰብኝን ሁሉ ብጽፈው እንደሚቀለኝ ስለነገረችኝ ደብተር ገዝቼ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት እጽፋለሁ። ነገር ግን አለቅሳለሁ፣ እንቅልፍም እምቢ ይለኛል፤ ሰው ያነብብኛል የሚል ስጋትም አለብኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህታችን፣ ፈጣሪ ያጽናዎት። ማልቀስዎ ብቻውን ነገሩ እንዳልሠራ አያሳይም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር እና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ብቻ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከተሰማቸው ስሜት ጋር አጣምረው የጻፉት፣ እንደጨረሱ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ከፍቷቸው ታይተዋል፤ በቀጣዮቹ 6 ወራት ግን ወደ ጤና ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ እንደሆነና ሁሉንም እኩል እንደማይረዳ ስላሳዩ፣ እኔ እንደ ጓደኛዎ ደፍሬ ይቀልዎታል አልልም።

ችግሩ ግን ከመጻፉ ይልቅ ከሰዓቱና ከልኩ የመጣ ይመስለኛል። ሐዘንን ከመኝታ በፊት ቀስቅሶ እንቅልፍን መጠበቅ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ጽሕፈቱን ወደ ቀን ያምጡት፤ የስልክዎን ደወል በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ሞልተው፣ ሲደወል ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም ብዕሩን ያስቀምጡ። ከ4 ቀን በኋላም ደብተሩን ለተወሰኑ ሳምንታት ያሳርፉት። ጽፈው ሲነሡ ጎረቤት ጠርተው ቡና ቢያፈሉ መልካም ነው፤ ብቻ ከቀኑ 9 ሰዓት ባያልፍ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። የወሎን ሰው ቶናውን ይተው ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አቦሉን ቀደም ማድረግ ግን ይቻላል።

ስለሚጽፉትም አንድ ነገር ልጨምር። ያንኑ ታሪክ በየቀኑ በዚያው ቃል መድገም ቁስልን መነካካት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም ያን ጊዜ ምን መስሎዎት እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደሚያዩት፣ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ራስዎን እየጠየቁ ይጻፉ። ወንድምዎንም ከአሟሟቱ ባሻገር በሕይወት ሳለ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይጻፉት። በወጉ ያልተለቀሰ ሐዘን በደብተር ብቻ አይወጣምና፣ ጊዜው አልፏል ሳይሉ እንደ ሃይማኖትዎ ተዝካሩን ወይም ሰደቃውን ከዘመድ ጋር ቢያደርጉ፣ በእኔ ግምት ከብዙ ገጽ ይልቅ ይረዳዎታል።

ሰው ያነበዋል ብለው ከሰጉ፣ ጽፈው ሲጨርሱ ቀድደው ምድጃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚጠቅመው መጻፉ እንጂ ጽሑፉን ማኖሩ አይደለም። በሚጽፉበት ጊዜ ያ ነገር ዛሬ እየሆነ ያለ እስኪመስልዎት ድረስ ከታየዎት፣ ወይም ልብዎ መምታቱን አልተው ካለ፣ ወዲያው ያቁሙ፤ በግድ የሚጨረስ ነገር አይደለም።

ቅዠቱ፣ መበርገጉ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ሥራዎንና ልጆችዎን መንከባከብ ካቃተዎት፣ ወደ ደሴ ወጥተው በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ፤ ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም አብረው ይሂዱ። ከሐኪም ፊት ቃል ካጠረዎት ከደብተሩ አንዱን ገጽ ማሳየት ይችላሉ፤ ብዙ ሰው ለመናገር የሚከብደውን በዚያ መንገድ ጀምሮታል።