ላፕቶፔ ጌም ለመሥራት ይበቃኛል? እና ሌሎች ጥያቄዎች

የሞባይል ጌም መሥራት የጀመሩ የድሬና የሐረር ልጆች ጥያቄ ሲያበዙብኝ፣ በሉ ሁሉንም አንድ ላይ አምጡት አልኳቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ መልሼአለሁ።

4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ነው ያለችኝ። የትኛውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ልጫን፣ ዩኒቲን ወይስ ጎዶትን? (ከሳቢያን)

ጎዶት፣ ሳታመነቺ። ዩኒቲ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከነአንድሮይድ ሞጁሉ ብዙ ጊጋባይት ይበላል፣ በ4 ጊጋ ራም ደግሞ ፕሮጀክቱ እስኪከፈት ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ጎዶት ከ150 ሜጋባይት በታች የሆነ ዚፕ ፋይል ነው። ዚፑን ፈትተሽ ትከፍቺዋለሽ፣ አለቀ። ነጻ ነው፣ ከምትሸጪው ጌም ላይም ድርሻ አይጠይቅም። አዲስ ፕሮጀክት ስትጀምሪ ሬንደረሩን (ምስሉን ስክሪን ላይ የሚሥለውን ክፍል) "ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለው ላይ አድርጊው። እሱ ኦፕንጂኤል በሚባለው የቆየ የግራፊክስ መንገድ ስለሚሠራ አሮጌ ግራፊክስም ርካሽ ስልክም ይችለዋል። ቩልካን የሚባለውን አዲሱን መንገድ የሚፈልጉትን ሌሎቹን ለጊዜው ተያቸው።

ላፕቶፕ ጭራሽ የለኝም። ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

ጎዶት ለአንድሮይድም ኤዲተር አለው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። በትንሽ ስክሪን ኮድ መጻፍ ግን ያሰለቻል። የብሉቱዝ ኪቦርድ ከሰው ተዋስ።

ዳታዬን ጨረሰው። የግድ ማውረድ ያለብኝ ምን ምን ነው?

ጎዶት ራሱ፣ ኤክስፖርት ቴምፕሌት (ፕሮጀክቱን ስልክ ላይ ወደሚጫን ፋይል የሚቀይርበት)፣ ጄዲኬ 17 (የጃቫ መሣሪያ) እና አንድሮይድ ኤስዲኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያ መሣሪያዎች)። ቴምፕሌቱ ወደ 1 ጊጋባይት ስለሚጠጋ አንዳችሁ አውርዱትና ሌላው በፍላሽ ይውሰድ። የቨርዥን ቁጥሩ ግን ከጎዶቱ ጋር አንድ ይሁን፤ የ4.4 ቴምፕሌት ለ4.3 አይሆንም። አንድሮይድ ስቱዲዮን ሙሉውን ማውረድ ግዴታ አይደለም። "ኮማንድ ላይን ቱልስ" የምትባለውን ብቻ አምጣና በእሷ ፕላትፎርም ቱልስንና ቢልድ ቱልስን ሳብ። ለመጀመሪያው ኤፒኬ (ስልክ ላይ ለሚጫነው የጌሙ ፋይል) ይበቃሃል።

ሁሉንም ጭኛለሁ። ኤክስፖርት ስል ግን ቀይ ጽሑፍ ይሞላብኛል። (ሦስት ሰው ጠይቆኛል)

መጀመሪያ ቀዩን ጽሑፍ አንብቡት! ብዙ ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል እንጂ አያነበውም። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

ጃቫ አላገኘሁም ካለ፣ የኤዲተር ሴቲንግ ውስጥ የሰጣችሁትን የጃቫ መንገድ እዩ። መንገዱ "ቢን" የሚባለው ፎልደር ድረስ ከገባ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መልሱት። "ቢን"ን በውስጡ የያዘውን ፎልደር ነው የሚፈልገው። የኤስዲኬውም እንደዚሁ ነው፤ ፕላትፎርም ቱልስና ቢልድ ቱልስ የተቀመጡበትን ዋናውን ፎልደር ስጡት።

ኢቲሲ2 ወይም ኤኤስቲሲ የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። ስልክ ምስል የሚያነብበት የአጨማመቅ ዓይነት ነው። ፕሮጀክት ሴቲንግ ገብታችሁ ማብራት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እኛ ዘንድ የሚበዛው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ከሆነ፣ "የተጠቃሚ" ፎልደራችሁ በግዕዝ ፊደል ተሰይሟል ማለት ነው። የአንድሮይድ መሣሪያዎች ደግሞ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ይደናቀፋሉ፤ በስም መሃል ክፍት ቦታ ካለም ያስቸግራሉ። መፍትሔው ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ በላቲን ፊደል አጭር ስም ያለው ፎልደር ከፍቶ ኤስዲኬውንም ፕሮጀክቱንም እዚያ ማስቀመጥ ነው።

ቀዩ ሲጠፋ ባዶ ፕሮጀክት ስልካችሁ ላይ ጫኑ። አንድ ቀለም ያለው ስክሪን ብቻ ይሁን። ይህ ሳይሠራ ገጸ ባሕርይ መሣል አትጀምሩ።

ኮምፒውተሩ ስልኬን አያየውም።

ሴቲንግ ውስጥ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን 7 ጊዜ ንካው፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። ዩኤስቢ ዲበጊንግን (ኮምፒውተሩ በገመድ ጌሙን ስልኩ ላይ እንዲጭን የሚፈቅደውን) አብራ፣ ስልኩ "ልፍቀድ?" ሲልህ እሺ በለው። ይህን ሁሉ አድርገህ እንቢ ካለህ ገመዱን ጠርጥር። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ሞልቷል። ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ስትገዛ እዚያው ሰክተህ ፋይል ማስተላለፉን አረጋግጥ።

ቀን ላይ ላፕቶፔ ይግላል፣ ከዚያ ይንቀረፈፋል።

የድሬን ሙቀት ጎዶት አያስተካክለውም! ፕሮሰሰር በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በርጫ ላይ ፍራሽ ላይ አታስቀምጠው፤ የአየር መውጫው ይታፈናል። ከኋላ በኩል ከፍ አድርገው። ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥም የፍሬሙን ጣሪያ (በሰከንድ የሚሣሉትን ምስሎች ብዛት) 30 አድርገው፣ ጌሙ ሲሮጥ ሙቀቱ ይቀንሳል። ከባድ ሥራ ለማለዳ ይሁን።

ሐረር የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ጀጎልን በ3ዲ መሥራት ይፈልጋሉ። ድረ ገጽ ላይ ስናወጣው ደግሞ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

ጋሼ፣ ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው። ከጎዶት ጋር የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ ከሲስተሙ ተውሶ ስለሚያሳይዎ ደህና ይመስላል፤ ድረ ገጽ ላይ ግን የሚዋሰው የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያውርዱ፣ ነጻ ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ያስገቡትና ፕሮጀክት ሴቲንግ ላይ ዋና ፎንት ያድርጉት።

ጀጎልን በተመለከተ፣ ልጆቹ አምስቱንም በር ካልሠራን ይላሉ መቼም። አይፍቀዱላቸው። ከፈላና በር የሚጀምር አንድ ጠባብ መንገድ ይሥሩና ስልክ ላይ ይሞክሩት። ሳይንቀረፈፍ ከሄደ ቀጣዩን መንገድ ለብቻው በሌላ ሲን (ለብቻው በሚከፈት የጌሙ ክፍል) ይጨምሩ።

ለአይፎንስ?

ማክ ያስፈልጋል፣ ለአፕልም በዓመት 99 ዶላር። ለጊዜው እርሳው።

ፕሌይ ስቶር ላይ ማውጣት ስንት ይፈጃል?

25 ዶላር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ራስ ምታቱ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ 12 ሰው ለ14 ቀን በተከታታይ ሞካሪ ሆኖ ካልተመዘገበ አይለቁልሽም። ፋይሉም ኤኤቢ (ፕሌይ ስቶር የሚቀበለው የፋይል ዓይነት) መሆን አለበት፤ ለእሱ ግሬድል ቢልድ የሚባለውን የአንድሮይድ መገንቢያ ታበሪያለሽ፣ ተጨማሪ የሚወርድም ይኖራል።

እስከዚያው ኤፒኬውን በቴሌግራም ለጓደኞችሽ ላኪ። ግን ከመላክሽ በፊት የራስሽን ኪስቶር (ጌሙ ያንቺ መሆኑን የሚያረጋግጥ የፊርማ ፋይል) ፍጠሪና ከነፓስወርዱ ሁለት ቦታ አስቀምጪው። እሱ ከጠፋ ማሻሻያሽ በአሮጌው ላይ አይጫንም። ሰዉ ጌሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭን ነው፣ የደረሰበት ሌቨልም አብሮ ይጠፋበታል።