ለሴትየዋ አባት ከመፈለግሽ በፊት ቀኑን ተጠራጠሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ባንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው የሳቅኩት። «ባሌ አሜሪካዊ ነው፤ በ1690ዎቹ ማሳቹሴትስ የኖረች የአያት ቅድመ አያት አለችው፤ የባሏ ስም ይታወቃል፣ አባቷ ግን ማን እንደሆነ አጣሁ፤ ኢንተርኔት ላይ የንጉሥ ዘር ናት ይላሉ፤ ለልጆቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። የአማቴን ወገን ስፈልግ ሁለት ዓመት ገደማና 1,400 ዶላር በላኝ። አንቺን እንዳይበላሽ ልንገርሽ።

1. ንጉሡን እርሺው። እዚህ አገር የንጉሥ ዘር ያልሆነ ሰው የለም፣ ቢያንስ ኢንተርኔት ላይ። ሜሪ ዳየርን ታውቂያት ይሆናል፤ ኩዌከር በሚባለው የክርስትና ወገን እምነቷ ምክንያት ጁን መግቢያ 1660 ቦስተን ላይ የተሰቀለችው። እሷንም የልዕልት አርቤላ ስቱዋርት ድብቅ ልጅ ናት ሲሉ ኖረዋል። ለንደን ያለ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መዝገብ ግን በ1633 ስታገባ ስሟ ሜሪ ባሬት እንደነበር ያሳያል። ልዕልት የለም፣ ባሬት ብቻ። ደግሞ ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1942 የሞተ። ለሀብታሞች የውሸት የዘር ሐረግ እየጻፈ ሲሸጥ ነው የኖረው። የእሱ ሥራ ዛሬም ከአንዱ የዘር ሐረግ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይዞራል።

2. ኑዛዜ ፈልጊ። እኛ ጋ ሴት ብታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። እነሱ ጋ ከሰርጉ ማግስት «ሜሪ፣ የጆን ሚስት» ናት፣ አለቀ። ስለዚህ አባቷን ፍለጋ ወደ እሷ መዝገብ አትሂጂ፤ አባትየው ሲሞት የተወውን ወረቀት ነው የምትፈልጊው። «ለልጄ ለሜሪ፣ ለጆን ሚስት፣ አንዲት ላም» ብሎ ይሆናል። ያቺ ላም ናት የምታወጣሽ። የመሬት ሽያጭ ውልም አይናቅም። ባሏ የሞተባት ሴት ከመሬቱ ሲሶውን እስከ ዕድሜ ልኳ የመጠቀም መብት ስለነበራት፣ መሬት ሲሸጥ ሚስትም ለቅቄያለሁ ብላ ትፈርማለች። ፋሚሊሰርች የሚባል የዘር መዝገቦች ድረ ገጽ ላይ እነዚህ በነጻ አሉ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፉን ራሱ አንብቦ በስም ያስፈልግልሻል። እኔ ስጀምር ይሄ የት ነበር! ገጽ በገጽ ሳገላብጥ ዓይኔ ሊጠፋ።

ቃላቱም ያታልላሉ። በዚያ ዘመን «ዶተር ኢን ሎው» ሲሉ ምራት ብቻ አይደለም፣ የእንጀራ ልጅም ማለት ነው። «ካዝን» የሚሉት የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ሚስስ» የተባለች ሁሉ ያገባች አይደለችም፤ የትልቅ ሰው ልጅ ከሆነች ሳታገባም ሚስስ ናት።

3. ቀን። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ከአማቴ ጋር ሦስት ሰዓት ነድተን አንዲት ትንሽ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ስሟን አልጠራም። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ጸሐፊዋ ግን መልሱን የምትሰጠው ለአማቴ ነው። መጽሐፉን ማየት እንችላለን ወይ ስላት፣ አሁንም ወደ አማቴ ዞራ «እሷ የማን ዘመድ ናት?» አለች። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰባት ቤት ያስቆጠረኝን ሰው! አማቴ «ልጄ ናት» አሉ። ኮራሁ፣ ግን መጽሐፉ አልወጣም። 20 ዶላር ከፍለን በታይፕ የተጻፈ ግልባጭ ይዘን ወጣን።

ግልባጩ ላይ፣ የኛ ሴት ወላጆች ይሆናሉ ካልናቸው ባልና ሚስት፣ እናትየው የሞተችው ፌብሩዋሪ 1690 ነው። የኛ ሴት፣ አባቷን የምንፈልግላት፣ የተወለደችው ደግሞ ኦገስት 1690። በየካቲት የሞተች ሴት በነሐሴ አትወልድም። ስለዚህ ይሄ ቤተሰብ አይደለም ብዬ ሰረዝኩት። ከዚያ የቀጠርኩት ባለሙያ ነኝ ባይ ያንኑ ግልባጭ ይዞ፣ ከጎረቤት ከተማ ሌላ አባት አመጣልን። ባለ ቀለም የጋሻ አርማም ጨመረበት። አማቴ ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት።

ዓመት ተኩል አለፈ። አንድ ሌሊት የዚያው መጽሐፍ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ አገኘሁት። የእናትየው ሞት ላይ «1690/1» ይላል። የቀለም ጭረት መሰለኝ። ቀጣዩን ገጽ ገለበጥኩ፤ «1691/2»። ጭረቱ ያለው ደግሞ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ብቻ ነው።

ለካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው ማርች 25 ነበር! ፌብሩዋሪ 1690 የሚመጣው ከኦገስት 1690 በኋላ ነው፤ ዛሬ 1691 የምንለው። እናትየው የሞተችው ከወለደች ከስድስት ወር በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰረዝኩት ቤተሰብ ትክክለኛው ነበር። ጸሐፊዋ ግልባጩን ስትጽፍ ያቺን ጭረት ዘልላታለች።

የሚያበሳጨኝ ምን መሰለሽ? ይሄን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ ነው እያልኩ ለአማቴ የማስረዳው፣ ከፈረንጆቹ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንሱ እያልኩ የማስቆጥረው እኔ! ሁለት ካላንደር ይዤ አድጌ በአንድ ጭረት ተሸወድኩ።

የ1690ውን አባት ይዤ ኑዛዜውን ስፈልግ በሁለት ምሽት ተገኘ። ልጁ በስሟ፣ ከነባሏ ስም ተጠቅሳለች። የደረሳት ላም ሳይሆን አልጋና የብረት ድስት ነው። ሌሊቱን አማቴ ጋ ደወልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጋሻውስ?» አሉ። የሌላ ቤተሰብ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ከሶፋው ጋር ይሄዳል፣ አላወርደውም» አሉ።

አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። አንቺ ግን ያሉሽን ቀኖች በውስጥ መስመር ላኪልኝና አብረን እንያቸው። በታይፕ የተጻፈውን ሳይሆን የገጹን ፎቶ።