የሚኒሶታ የ2026 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፦ ጥያቄና መልስ

ማክሰኞ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ሚኒሶታ ትመርጣለች። ስለ ምዝገባው፣ ስለ ፖስታውና ስለ ቆጠራው የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ማንን እንምረጥ የሚለውን ለእናንተው ትቼዋለሁ፤ የእኔ ጭንቀት የሰጣችሁት ድምፅ ሳይቆጠር እንዳይቀር ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት የማይመረጥ ከሆነ ምን የሚመረጥ አለ?

ለኑሯችሁ የሚቀርበው ሁሉ። አገረ ገዥውና ምክትሉ በአንድ ላይ፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ፣ ምርጫን የሚመራው ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ኦዲተሩ፣ ስምንቱም የኮንግረስ ተወካዮች፣ በግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ 67ቱም ሴናተሮችና 134ቱም ተወካዮች ይመረጣሉ። ሴናተር ቲና ስሚዝ ዳግም አልወዳደርም በማለታቸው የዋሽንግተኑ የሴኔት ወንበርም ክፍት ነው። ሸሪፍ፣ የካውንቲ ዓቃቤ ሕግና ዳኞች የሚገኙት ከወረቀቱ ታች ወይም ጀርባው ላይ ነው። እባካችሁ ወረቀቱን ገልብጡት።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መንጃ ፈቃድ ስላለኝ መምረጥ እችላለሁ አሉኝ። እውነት ነው?

አይደለም፤ እንዳይሞክሩት። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሚኒሶታ ያለ ኢሚግሬሽን ወረቀትም መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ፈቃዱ ስለ ዜግነት የሚናገረው ነገር የለም። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቅጽ ይዞ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ቢልዎት፣ መጀመሪያ የዜግነት ጥያቄውን ያንብቡ። በስህተት ተመዝግበው ከሆነ ስምዎ እንዲሰረዝ ለካውንቲው ምርጫ ቢሮ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ኤን-400 ከማስገባትዎ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

በተቃራኒው፣ የዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት ከምርጫው አንድ ቀን በፊትም ቢሆን መምረጥ ይችላሉ። 18 ዓመት መሙላትና ሚኒሶታ ውስጥ 20 ቀን መኖር ይበቃል።

ጥያቄ፦ በሴፕቴምበር ቤት ቀየርን። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የድሮው አድራሻ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

እስከ ኦክቶበር 13 አዲሱን አድራሻ ካስመዘገቡ ምንም መያዝ አያስፈልግም፤ ምዝገባው የታደሰ ሰው መታወቂያ አይጠየቅም። ካለፈብዎት በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ ይመዘገባሉ። የድሮውን መንጃ ፈቃድና አዲሱ አድራሻዎ ከነስምዎ ያለበት ወረቀት ይያዙ፦ የመብራት፣ የስልክ ወይም የኢንተርኔት ቢል፣ አለዚያም የቤት ኪራይ ውል። ቢሉ ቀኑ ወይም የመክፈያው ጊዜ ከምርጫው በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። በስልክዎ ማሳየትም ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው ቢሉ ሁሉ በባል ስም ብቻ ሲሆን ነው። ሚስት ስሟ ያለበት ወረቀት ከሌላት፣ በዚያው የምርጫ ጣቢያ የተመዘገበ ሰው «እዚህ አድራሻ እንደምትኖር አውቃለሁ» ብሎ ቃሉን በፊርማው ሊያረጋግጥላት ይችላል። አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ይመሰክራል። በምስክር የተመዘገበ ግን በዚያው ቀን ለሌላ መመስከር አይችልም። እንደ ሚኒያፖሊሱ ሴዳር ሪቨርሳይድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበው ጎረቤታችሁ ማን እንደሆነ ከወዲሁ እወቁ።

ጥያቄ፦ እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም። አብሬያቸው ልግባ?

ግቢ እህቴ፤ መብታቸው ነው። ከአሠሪያቸውና ከሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ በስተቀር የፈለጉት ሰው ሊረዳቸው ይችላል። ምርጫው ግን የእሳቸው ነው፤ የምታነቢላቸውን ስም ሁሉ በእኩል አንብቢ። የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተዘጋጀ መመሪያ ስላለ ቤት ውስጥ ቀድማችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ከቤት በፖስታ መምረጥ እፈልጋለሁ። አምና የጓደኛዬ ተመለሰ። ለምን ይሆን?

ቀድሞ መምረጥ ሴፕቴምበር 18 ይጀምራል፤ ምክንያት አትጠየቁም። ወረቀቱ ሲመጣ ሦስት ፖስታ አብሮ ይመጣል። ምልክት ያደረጋችሁበት ወረቀት የመጀመሪያው ውስጥ ይገባል፤ ምንም አይጻፍበትም። እሱ የፊርማው ፖስታ ውስጥ፣ የፊርማው ፖስታ ደግሞ የመላኪያው ውስጥ።

የሚያስጥለው የፊርማው ፖስታ ነው። ቀዳሚው ስህተት ቁጥሩ ነው፤ ስታመለክቱ የሰጣችሁት የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት አሃዝ እዚህም ያው መሆን አለበት፤ ካልገጠመ ወደ ፊርማ ማመሳከር ይሄዳሉ። ሌላው የምስክሩ ቦታ ባዶ መቅረቱ ነው። ምስክሩ ባዶውን ወረቀት ካየ በኋላ እሱ ባለበት፣ ማንን እንደመረጣችሁ ሳያይ ትሞላላችሁ፤ ከዚያ እሱ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ይፈርማል። ሚኒሶታ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ ወይም ኖታሪ ቢሆን ይበቃል። ባልና ሚስት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሞሉ ፖስታ ተለዋውጠው ከፈረሙ ደግሞ ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ፤ አንዱ ጨርሶ አሽጎ ሌላው ይጀምር። ያልተመዘገበ ሰው አብሮ የሚላክለትን የምዝገባ ቅጽ የሚያስገባው የፊርማው ፖስታ ውስጥ ነው፤ የድምፁ ወረቀት ያለበት ፖስታ ውስጥ ከሸጎጠው ቅጹን የሚያየው የለም።

ኖቬምበር 3 ከመዝጊያው ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ ሰዓቱን ከወረቀቱ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ እዩ። ፖስታ ቤቱ ቀኑን ማተሙ አያድንም። የመጨረሻው ሳምንት ከገባ በፖስታ አትላኩት፤ በእጃችሁ አድርሱት። ስልካችሁንና ኢሜይላችሁንም ሙሉ፤ ለምርጫው አምስት ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ፖስታችሁ ከወደቀ ሊያገኟችሁ የሚሞክሩት በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ኦገስት 11 በፕራይመሪው (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ምርጫ) ላይ ለገዥ ከአንዱ ፓርቲ፣ ለኮንግረስ ከሌላው መምረጥ ይቻላል?

በፕራይመሪ አይቻልም። ሚኒሶታ ውስጥ የፓርቲ አባልነት ምዝገባ ባይኖርም አንዱን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ እዚያው ትጨርሳላችሁ። ከተሻገራችሁ የፓርቲው ክፍል ጠቅላላው አይቆጠርም። ጣቢያው ላይ ከሆናችሁ ማሽኑ ይመልስላችኋል፤ አዲስ ወረቀት ትጠይቃላችሁ። በፖስታ ከላካችሁት ግን የሚያርምላችሁ የለም። በኖቬምበር እንደፈለጋችሁ ቀላቅሉ።

ፓርቲው በጉባኤ የደገፈው ዕጩ አለቀለት የሚል ሐሳብም አለ። በ2018 ለገዥነት ዲኤፍኤል (የሚኒሶታ ዴሞክራቶች ፓርቲ) የደገፈው ኤሪን መርፊን ነበር፤ በፕራይመሪው ያሸነፉት ቲም ዋልዝ ናቸው።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ባዶ ብተው ሌላው ይበላሻል?

አይበላሽም። አንድ ብቻ በሚመረጥበት ሁለት ካጠቆራችሁ ግን ያ ቦታ ይጣላል። ልብ የሚባለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲቀርብ ነው፤ ለማለፍ በምርጫው ከተሳተፈው ሰው ሁሉ ከግማሽ በላይ ስለሚያስፈልገው፣ ባዶ መተው «አይሆንም» ከማለት እኩል ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ካልፈቀደ?

ለመምረጥ የሚፈጅባችሁን ሰዓት ደመወዝም ፈቃድም ሳይነካ መስጠት ግዴታው ነው። ጣቢያው በሚዘጋበት ምሽት 2 ሰዓት (8 p.m.) ላይ ሰልፍ ውስጥ ካላችሁ ትመርጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ታስሮ ነበር፤ አሁን በፓሮል ነው።

ይመርጣል። ከጁን 2023 ጀምሮ እስር ቤት ውስጥ የሌለ ዜጋ ሁሉ ይመርጣል። እንደ አዲስ ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ በእውነት የእኔ አንድ ድምፅ ለውጥ ያመጣል?

በ2008 ለዋሽንግተኑ ሴኔት አል ፍራንከን ኖርም ኮልማንን ያሸነፉት በ312 ድምፅ ነው፤ ክርክሩ ያለቀው ጁን 2009 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። የከረረውም አላግባብ ወድቀዋል በተባሉት የፖስታ ድምፆች ላይ ነበር። በ2022 ኦዲተሯ ጁሊ ብላሃ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመረጠበት ያሸነፉት ከ9 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነው፤ በመንግሥት ወጪ ድጋሚ የሚቆጠረው ልዩነቱ ከ0.25 በመቶ ሲያንስ ስለሆነ ለጥቂት አለፈ። በ2024 በሻኮፒ አካባቢ አንድ የግዛቱ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በ14 ድምፅ ልዩነት ሲወሰን፣ ቀድመው ከተሰጡትና ተቀባይነት ካገኙት ውስጥ 20ዎቹ ጠፍተው ሳይቆጠሩ ቀሩ። ዳኛው ውጤቱን አጸኑት፤ ምክር ቤቱም 67 ለ67 እኩል ተከፈለ።

የፖስታችሁን መንገድ በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ መከታተል ትችላላችሁ፤ «ተቀባይነት አግኝቷል» እስኪል ተመልከቱ። መሄድ የምትችሉ ደግሞ ከኦክቶበር 16 ጀምሮ ቀድሞ መምረጫው ቢሮ ሄዳችሁ ወረቀቱን በቀጥታ ማሽኑ ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ይቻላል፤ ፖስታም ምስክርም የለውም።