ሁለተኛው ብርጭቆ ታንዳይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ የምማረው ሕንድ፣ ቫራናሲ ከተማ ነው። ሆሊ ለሚባለው የሂንዱዎች የቀለም በዓል አረንጓዴ ነገር የገባበት ታንዳይ የሚባል የወተት መጠጥ ቀረበልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ስላልተሰማኝ ደገምኩ። ከዚያ ልቤ እየዘለለች የምሞት መሰለኝ፤ እስከ ማግስቱም ሲያዞረኝ ቆየ። ተመርዤ ይሆን? የደም ግፊት ስላለብኝ አምሎዲፒን እወስዳለሁ።

መልስ፦ የጎዳዎት ሁለተኛው ብርጭቆ ነው። ታንዳይ በራሱ ወተት፣ አልሞንድ፣ እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና ስኳር ስለሆነ አያሰክርም። አረንጓዴው ባንግ ነው፤ የካናቢስ ቅጠል ታጥቦ፣ ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ፣ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ይጨመራል። የ1985ቱ የሕንድ ሕግ ሙጫውንና አበባውን ከልክሎ ቅጠሉን ለብቻው ስለተወው፣ ቫራናሲ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች ይሸጡታል። ፈቃድ አለ ማለት ግን ልክ አለው ማለት አይደለም። ድብልብሎቹ እኩል አይደሉም፤ ሊጡም ስለሚዘቅጥ ከዕቃው ሥር የተቀዳው ከላይኛው ይበረታል።

ካናቢስ ሲጨስ በደቂቃዎች ይሰማል። ሲጠጣ ግን ጉበት ውስጥ ወደ ሌላ ብርቱ ውህድ ይለወጣል፤ ለመጀመር ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት፣ ሆድ ሞልቶ ከሆነ ከዚያም በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሊነሳ ሲል ሌላ ደረቡበት። ባንግ የገባበት ማጁን የሚባለው ጣፋጭ ደግሞ የባሰ ነው፤ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ይበሉታል።

ባንግ ልብን ያፈጥናል፣ ብድግ ሲሉ ግፊትን ይጥላል። ከአምሎዲፒን ጋር ሲደመር ተዝለፍልፈው ሊወድቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለእርስዎ ትንሹም ይቅርብዎት። ሲያዝዙ «ቢና ባንግ» ይበሉ፣ ያለ ባንግ ማለት ነው። አስቀድሞ ተቀድቶ የተደረደረውን አይንኩ።

ጓደኛዎ ቢበዛበት ጸጥ ያለ ቦታ ወስደው በጎኑ ያስተኙት፤ ብቻውን አይተዉት። ነቅቶ ከሆነ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይስጡት። በግድ አያስመልሱት፤ ሰፈሩ የሚያዝለት ሎሚም ስካሩን አያወጣለትም። ለ24 ሰዓት ሞተር ሳይክል አይንዳ።

አንዳንዴ ባንጉ ውስጥ እኛ አስተናግር የምንለው ዳቱራ ይቀላቀልበታል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ባንግ ዓይን ያቀላል። አስተናግር ግን ብሌንን ያሰፋል፣ ቆዳን ያደርቃል፣ ያተኩሳል፣ ሽንት ይይዛል፤ ሰውየው አየር ላይ የሌለ ነገር ሲለቅም ያዩታል። ይህን ካዩ፣ ወይም የደረት ሕመም፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት ካለ፣ ወይም የቀመሰው ልጅ ከሆነ፣ 108 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። ለሐኪሙም ምን እንደጠጣና በስንት ሰዓት እንደጠጣ ሳይደብቁ ይንገሩት።