የኤክስ 5 ኤም ወጪ፦ ከነዳጁ ይልቅ ጎማው
"የ2020 ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 ኤም ልገዛ አስቤያለሁ፣ ነዳጁን እችለው ይሆን?" ላልከው፦ ነዳጁን ትችለው ይሆናል፤ እኔ የምፈራልህ ሌላውን ነው።

ኤክስ 5 ኤም የኤክስ 5 ስፖርታዊ ዓይነት ነው፦ ባለ 4.4 ሊትር ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር) ሞተር፣ ሁለት ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ)፣ ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ 18 ሊትር፣ አውራ ጎዳና ላይ 13 ሊትር ገደማ ይጠጣል። እግርህ ከከበደ ደግሞ ይህንንም እርሳው።

ጎማው ግን ጉድ ነው! የፊቱ 21 ኢንች፣ የኋላው 22። ስለዚህ የፊቱን ከኋላ እያቀያየርክ ዕድሜውን ማራዘም አትችልም። ርካሽም አይገኝለትም። የፍሬን ዲስክና ሸራውም እንደዚያው።

ከመግዛትህ በፊት የጎማና የፍሬን ዋጋ ጠይቅ። ለቤተሰብ ብቻ ከሆነማ ባለ 6 ሲሊንደሩ ኤክስ 5 ይበቃሃል፤ እሱም ቢሆን ቀርፋፋ አይደለም።